ስድስተኛው ዘፈን

መብራት ሲመጣ ኢንስፔክተር ናንያንግዌ የንሶፍዋ ሬሳ አጠገብ በርከክ ብላ ነበር። ቆሞ የነበረው ሸክላ ማጫወቻ በራሱ መዞር ጀመረና ከበሮና ቤዝ መስኮቱን አንቀጠቀጡት። አንዱ ፖሊስ ሊያጠፋው ሲሮጥ «እንዳትነካው!» አለችው። መርፌው የሸክላው መጨረሻ ዘፈን ላይ ነው፤ የድምፁ መክፈቻ እስከ ጥግ ተዙሯል።

ሟቹ ጡረተኛ ነው፤ ጭንቅላቱ የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል። ፖሊሶቹ «አዳልጦት ነው» ብለው ለመሄድ ቸኩለዋል። ናንያንግዌም ደክሟታል። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ነው የቀራት፤ በሉዋንሽያ ከተማ ስንት ሬሳ እንዳየች መቁጠሩንም ትታዋለች። ያ ጩኸት ግን አላስቀምጥ አላት።

በዚያ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት አራት ናቸው። ሟቹ፣ ልብስ ሰፊዋ ካሶንዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ካፔምብዋ፣ እና ሠላሳ ዓመት የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ዓለት ሲሰረስር የኖረው ቺሳንጋ። አራቱም «የመዳብ ጭስ» የተባለውን የሮክ ባንድ እንደወደዱ አርጅተዋል። ባንዱ ከፈረሰ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እነሱ አሁንም ያችኑ አንዲት ሸክላ ይሰማሉ።

«እትዬ ካሶንዴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ አስጩኻችሁ ነው የምትሰሙት?»

«ኧረ ወዲያ! ንሶፍዋ ድምፅ ከፍ ካለ ይቆጣል። የመጨረሻውን፣ ስድስተኛውን ዘፈን ደግሞ ጭራሽ አንሰማውም። ንዶላ ከተማ፣ የባንዱ የመጨረሻ ዝግጅት ላይ የተቀዳ ነው። እኛ ሳንሄድ ቀረን፤ በሳምንቱ ዘፋኙ በመኪና አደጋ ሞተ። ያመለጠንን በሸክላ አንሰማም ብለን ማልን።»

«ማን ነው ያስማላችሁ?»

«ራሱ ንሶፍዋ። እያለቀሰ።»

ካፔምብዋ ለምን ሳይሄዱ እንደቀሩ ስትጠይቀው ኮፍያውን እያሻሸ መለሰላት። «ባንዱ የሚጽፍልን በአንድ የፖስታ ሳጥን ነበር፤ ቁልፉ ንሶፍዋ ዘንድ ነበር። እሱ ‹ትኬት አልተገኘም፣ እኔም ሥራ እገባለሁ› አለን። አመንነው። ካሶንዴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አውቶቡስ ፌርማታ ቆማ ነበር። ያን ቀን ላግባሽ ልላት... ተይው፣ ልጄ።»

ቺሳንጋ ጆሮውን አስጠግቶ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገማት። «መሰርሰሪያው ነው ጆሮዬን የበላው» አለ።

«ጊታር ይጫወቱ ነበር አሉ?»

«ድሮ፣ ሞኝ ሳለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረም።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ትናንት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ» አለች። «ማጫወቻው ስድስተኛው ዘፈን ላይ እንዳለ ቆመ። ስለዚህ መሐላውን አፍርሶ ሲሰማ የነበረ ሰው አለ። ንሶፍዋ እንዳልል፣ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው። ያ ሰው ሲሄድ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ማጫወቻውን ማጥፋት ትዝ አላለውም። መብራት ሲመጣ ሸክላው አሳበቀበት። እስቲ አብረን እንስማው።»

ዘፈኑ ተጫውቶ አለቀ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ካሶንዴ ሸክላው ያለቀ መስሏት እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች። ካፔምብዋም ኮፍያውን አነሣ። ቺሳንጋ ግን ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ።

ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ ተመለሰ። «ጊታር የሚጫወተው ጓዳችን ታሟል! ቺሳንጋ፣ የሉዋንሽያው ልጅ! ደብዳቤና አራት ትኬት ልከንልሃል፤ መጥተሃል? ና ውጣ!»

ከማይክሮፎኑ ሥር አንድ ወጣት ጮኾ መለሰ። «አልመጣም! አልፈልግም ብሏል!»

የንሶፍዋ ድምፅ ነበር። ናንያንግዌ መርፌውን አነሣች። ካሶንዴ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ ቺሳንጋ» አለች ናንያንግዌ በዝግታ፣ «ገና ድምፁ ሳይመጣ ጆሮዎን ያዙ። የሚመጣውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሸክላውን እስከ ጥግ ሳይከፍቱ የማይሰሙትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቺሳንጋ እጁን አወረደ።

«ሐኪሙ ‹የገና በዓል ሳይደርስ ጆሮህ ጭራሽ ይዘጋል› አለኝ። ሳይዘጋብኝ አንዴ ልስማው ብዬ ነው። ሰማሁት። ወዲያው መብራቱ ሄደ፤ ዞር ስል ንሶፍዋ በር ላይ ቆሟል። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ‹ያኔ ብትሄድ ኖሮ እኔ ከማን ጋር እሰማ ነበር?› አለኝ። ገፈተርኩት። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ ግን ገፈተርኩት።»

ካፔምብዋ ወደ ካሶንዴ ዞሮ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እንደ ልማዱ መልሶ ዘጋው።

«ኢንስፔክተር» አለ ቺሳንጋ፣ «የቀረውን ልስማው?»

ናንያንግዌ መርፌውን ወደ ቦታው መልሳ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችለት። ባንዱ ያለ ጊታር ቀጠለ፤ ከበሮና ቤዝ ብቻ፣ መሃሉ ላይ ለአንድ ሰው የተተወ ባዶ ቦታ። የቺሳንጋ ግራ እጅ ጣቶች ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ካቴናውን ያወጣችው ጣቶቹ ሲቆሙ ነው።