በሰማያዊው ሸሚዝ ዙሪያ

ሟቿ የተመታችው በገዛ ካውያዋ ነበር። ጆሮ ግንዷ ተሰርጉዶ፣ ግማሽ ፊቷ በደም ተለውሶ፣ የስፌት መኪናዋ ስር ተዘርራለች። ስትወድቅ የያዘችው ብርድ ልብስ ከጠረጴዛው ላይ እስከ ግማሹ ተጎትቶ ወርዷል። በካውያው ጫፍ ላይ ሽበት ተጣብቋል።

ፖሊሶቹ ገዳዩን ይዘናል ብለው ነበር። ትልቁ ልጇ፣ መካኒኩ፣ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ ተንበርክኳል። አንድ ዓይኑ በቡጢ አብጦ ተደፍኗል፤ ሸሚዙ በእናቱ ደም ርሷል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ የፖሊሶቹ አለቃ። «ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጫማ ሰፊ መስክሯል። መኪናዋ ስትሰፋ ይሰማው ነበር። የዚህ ሞተር ብስክሌት ደጅ ሲቆም ስፌቱም ቆመ፤ ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ሌላ ምን ቀረ?»

«ቆይማ» አለ መርማሪው።

ይቺ ቃል ከአፉ ስለማትለይ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ቆይማ» ነው የሚሉት። ሬሳውን አልፎ ብርድ ልብሱ ላይ ጎንበስ አለ። ላዩ ከወንድ ልብሶች በተቆረጡ አራት ማዕዘን ጨርቆች የተቀጣጠለ ነው፤ መሃሉ ጥጥ፣ ስሩ ነጭ ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ድርዝ በመኪና ተጀምሯል። የሚሰፋበት መስመር አስቀድሞ በጠመኔ የተሳለ ሞገድ ነው። መርማሪው ገበሩን ገልብጦ አፍንጫው እስኪነካ ድረስ አየው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ነፍሰ ጡሯን የሟቿን ሴት ልጅ ጠራት።

«ብርድ ልብሱ የማን ነው?»

«የልጄ» አለች ሆዷን ይዛ። «ከሞተው አባታችን ልብስ ነው። ጠዋት የተጣላነውም በሱ ነው።»

«በብርድ ልብስ?»

«በድርዙ ንድፍ። እኔ ቀጥ ያለ ፍርግርግ ፈለግሁ። እማዬ ‹መጋጠሚያው ሁሉ ወልገድ ወልገድ ብሏል፤ ቀጥ ያለ መስመር ጉዳችንን ያወጣዋል፤ ሞገድ ይሸፍነዋል› አለች። አክስቴ ደግሞ ጨርቆቹ አይበሱ፣ ስፌቱ በየጠርዛቸው ብቻ ይዙር አለች። ወንድም ጋሼ ‹ለአንድ ድሪቶ ይሄ ሁሉ ሸንጎ!› ብሎ ሳቀብን። ተናድጄ ወጣሁ።»

«ወዴት?»

«እንጃ። ዝም ብዬ ስዞር። ማንም አላየኝም። ከፈለጋችሁ እኔንም እሰሩኝ፤ እሱ ግን እማዬን አይነካም!»

«ቆይማ። ጨርቆቹን ማን ቆረጣቸው?»

«እኔ። ሁሉንም።»

«ይህንን ሰማያዊ ሸሚዝም?»

«አዎ። ከአባዬ ልብሶች እማዬ ያልሰፋችው እሱን ብቻ ነው። ገዛሁት ብሎ ነበር ያመጣው።»

መርማሪው ሰማያዊውን ቁራጭ በጣቱ ዳሰሰው። አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ቀርቷል፤ በእጅ የተሰፋ፣ ዙሪያው እንደ ጉንጉን የተጠላለፈ።

ቀጥላ የገባችው የሟቿ ታናሽ እህት ናት። እዚያው ቤት አብራ የምትሰፋ፣ ድምጿ ከመለስለሱ የተነሳ ሰፈሩ «እትዬ ሐር» የሚላት ሴት።

«እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበርኩ» አለች። «መኪናዋ ይሰማኝ ነበር። እሱ ሲገባ ቀጥ አለ። ልጄን ባንደበቴ መግደሌ እኮ ነው፤ ግን እውነቱን የት ልቅበረው?»

«አክስቴ!» አለ መካኒኩ ከበሩ። «ስገባ ወድቃ ነበር! ጭንቅላቷን ላነሳ ስል ጣቶቼ ወደ ውስጥ ሰመጡ!» አለቃው ትከሻውን በዱላ መታው።

አክስትየዋ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። መርማሪው እንባዋን አላየም፤ ያየው የእጅጌዋን የቁልፍ ቀዳዳ ነበር።

ጫማ ሰፊው ከአውራ ጣቱ ላይ ሙጫ እየላጠ ተቀበለው።

«እኔና እሷ በግድግዳ ነው የምናወራው። መኪናዋ ዝም ሲል በመዶሻዬ ቸብ ቸብ አደርጋለሁ፤ ሰላም ነው? ማለቴ ነው። እሷ በመቀሷ ትመልሳለች። ሚስቴ ‹ሁለት ያረጁ ግንደ ቆርቁሮች› ትለናለች።»

«ዛሬስ፣ አባቴ?»

«ዛሬ የሴት ቁጣ ሰማሁ፤ ቃሉ አልለየኝም። ከዚያ ዱብ! አለ። ቸብ ቸብ አደረግሁ። መቀሱ አልመለሰም፤ መኪናው ግን መስፋት ጀመረ። ሥራ ይዛለች ብዬ ተውኩት።»

«ይህን ለአለቃው ነገሩት?»

«መቼ ጠየቀኝ? ‹ሞተሩ ሲመጣ ስፌቱ ቆመ ወይ?› አለኝ። ቆመ አልኩት።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ወለሉ ገና ቀይ ነው። ብርድ ልብሱን በገበሩ በኩል ዘረጋው።

«ደሙ የረጨው እዚህ ነው። ስፌቱ በላዩ አልፏል። ከእድፉ ወዲህ ያለው መስመር ንጹሕ ነው። ከእድፉ ወዲያ ግን በየመርፌው ቀዳዳ ቀይ ነጥብ አለ፤ እየራቀ ሲሄድ እየደበዘዘ። መርፌው ደሙን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ደሙ ቀደመ፤ ስፌቱ ተከተለ። ራሷ የተፈረከሰ ሴት ተነስታ ድርዝ አትሰፋም።»

«ታዲያ ማን ሰፋ?» አለ አለቃው።

«ምስክርህን አስታውስ። መኪናው ሲሰፋ ይህ ልጅ ገና ሞተር ብስክሌቱ ላይ ነበር። ሲደርስ እናቱ ሞታለች። ፍታው።»

አለቃው እያቅማማ ካቴናውን ከፈተ። ነፍሰ ጡሯ ግድግዳውን ተደገፈች፤ መስፋት የሚችሉ ሁለት ሴቶች ብቻ እንደቀሩ ገብቷታል።

መርማሪው ብርድ ልብሱን ገለበጠው። «የጠመኔው ሞገድ ሁሉንም ጨርቅ ያቋርጣል። ከደሙ በኋላ የሰፋችውም እጅ ካኪውን በስታለች፣ ግራጫውን በስታለች። ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ግን ጠመኔውን ትታ ዞረችው። በመቀስ የከተፈችው ልጅ በመርፌ ለመብሳት አትሳሳለትም።» ወደ አክስትየዋ ዞረ። «በዚያኛው ጫፍ ሌላ ሰማያዊ ቁራጭ አለ። እባክዎ፣ ጠመኔውን ተከትለው ይስፉልኝ።»

«ምን ችግር አለው» አለች እትዬ ሐር በዚያው ለስላሳ ድምጿ። ተቀመጠች። መኪናው ተንደረደረ፤ ሞገዱ ወጣ፣ ወረደ፤ ሰማያዊው ጫፍ ላይ ሲደርስ እግሯ ቆመ። መኪናው ዝም አለ።

ከግድግዳው ወዲያ መዶሻው ቸብ ቸብ አደረገ።

ሴትዮዋ ደንግጣ መርገጫውን ረገጠችው። መርፌው ከጠመኔው ወጥቶ፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ በጠርዙ ዞሮ፣ ዞሮ ሄደ። ያደረገችውን ስታይ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

«እንዲዞሩት ማንም አላዘዘዎትም» አለ መርማሪው። «ሸሚዙን የሰፉለት እርስዎ ነዎት። የቁልፍ ቀዳዳው ከእጅጌዎ ጋር አንድ ነው።»

«እሷም ቀዳዳውን ዛሬ ነው ያየችው» አለች። ድምጿ አሁን ሻካራ ነበር። «‹የዚህኛውን ንድፍ አንቺ ምረጪ፤ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ› አለችኝ። ደግሞ ሳቀች። ‹መርፌውን ደረቱ ላይ ነው የምነዳው፤ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ› አለች። እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያው እጄ ላይ ነበር። ስትወድቅ ግድግዳው ተንኳኳ። ካልሰፋሁ ሰውየው ሊመጣ ነው። እግሬ ስር እየተንፈራገጠች ሰፋሁ።»

መካኒኩ ዘሎ አንገቷን አነቃት። ወንበሩ ተገለበጠ፤ ሁለቱም ደሙ ላይ ወደቁ። የሴትዮዋ ዓይኖች ፈጠጡ። አለቃው ዱላውን አነሳ።

«ወንድም ጋሼ!» ጮኸች እህቱ። «እሷን ሳይሆን ራስህን ነው የምታስበላው! ለልጄ አንድ አጎት አስቀርልኝ!»

ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ። አክስትየዋ እያሳለች ተጎትታ ወጣች።

ከወዲያ መዶሻው እንደገና ቸብ ቸብ አደረገ፤ ሰላም ነው? ማለቱ ነው። ነፍሰ ጡሯ የእናቷን መቀስ ከጠረጴዛው አነሳች፣ ግድግዳውን መታችበት።