ናፍጣው ሙሉ ነበር

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚታሰረው እጁ ዘይት የነካው ነው። መርማሪዋ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላየች፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ደሟ ፈልቶ ነበር። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሾህ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙንም አትጠላውም።

አለቃዋ በስልክ የነገራት ይህን ነበር፦ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሱ አሮጊት ዛሬ ጠዋት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አልሠራ ብሎ ሞተዋል። ጄኔሬተሩን ማክሰኞ ዕለት የጠገነው መካኒክ ተይዟል።

«ቤተሰቡ የተከበረ ነው፤ ሐዘን ላይ ናቸው» አላት አለቃዋ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዝገቡን ጨርሰሽ ለዐቃቤ ሕግ ላኪ። መካኒኩ ነው፤ ሌላ ነገር አትቆፍሪ።»

«ከሞተች ቀን ያልሞላትን ሴት ፋይል ነው እንዴ የምትለኝ? ሳላይ አልዘጋም» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ሟቿ አልጋዋ ላይ ነበረች። የማሽኑ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫዋ አልተነሳም። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ከዘራዋ ከአልጋው ሥር ወድቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የከዘራውን ጫፍ አየች፤ ነጭ የቀለም ብናኝ ይዟል። ከራስጌው በላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ አራት አምስት ቦታ ላይ ተቦርቡሮ፣ ፍርፋሪው ትራሱ ላይ ፈሷል። በመስኮቱ ስትመለከት ቆርቆሮ የለበሰው የጄኔሬተር ቤት ከስድስት እርምጃ አይርቅም።

ልጅየው ሳሎን ውስጥ ጥቁር ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ተቀምጧል። ከእናቱ ጋር የሚኖረው እሱ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው። «ማን አብሯት ነበር?»

«እኔ ነኛ! ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እጇን ይዤ ጄኔሬተሩ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ትንፍሽ አላለም። እጄ ላይ ሞተች። ያ ወንበዴ መካኒክ ነው የገደላት!»

«ትንፍሽም አላለም?»

«አንዲት ድምፅ አልተሰማም ስልሽ! አማርኛ አይደለም እንዴ የምናገረው?»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው። «መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር አልነበረም?»

«ትናንት ሊሞላ ሄዷል። ዕድሏ ነው፤ ምን ይደረግ።»

እህትየው ከወንድሟ አጠገብ ሆና ደረቷን ትመታለች። የምትኖረው ሌላ ሠፈር ነው፤ የደረሰችው እናቷ ከሞተች በኋላ ነው። «ያንን ሰውዬ እስር ቤት ካላበሰበሳችሁልኝ እንዳትመጡ!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ እኮ አንድ ቀን ከጎኗ ተለይቶ አያውቅም!»

አስታማሚዋን ነርስ ቤተሰቡ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። መርማሪዋ ጓዳ ውስጥ አገኘቻት፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ሲስተር፣ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ዕረፍት ነበርኩ። ዕረፍቴ እሁድ ነው፤ ትናንት ግን ልጇ ‹ነገ ዕረፊ፣ እኔ አለሁ› አለኝ። መብራት እንደሚጠፋ ባውቅ ቤቱን ትቼ የምሄድ ይመስልዎታል?»

«መብራት እንደሚጠፋ ማስታወቂያ አልተለጠፈም?»

«እኔ አላየሁም፤ እንጃ።»

«ከዘራዋ ምን ታደርግበት ነበር? የአልጋ ቁራኛ አልነበረች?»

«ደወሏ እኮ ነው! ጓዳ ስሆን በሱ ግድግዳውን ትመታልኛለች።»

«አጠገቧ ሰው ሲኖርስ?»

ሲስተር ግራ ገብቷት አየቻት። «አጠገቧ ሰው ካለ ለምን ትመታለች?»

መርማሪዋ ደብተሯን ከደነች። «ከልጇ ጋር ትስማማ ነበር?»

ሲስተር ወደ በሩ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሁድ ዕለት ተጣልተዋል። ቤቱን አፍርሼ ፎቅ ልሥራ ሲላት ‹መጀመሪያ እኔን ቅበር› አለችው።»

ዘበኛው በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ የኮቱ ክርን የተጣፈ ሰው ነው። መርማሪዋን ሲያይ ከበርጩማው ተነሳ።

«ይቀመጡ አባባ። እውነቷን ብቻ ይንገሩኝ። ጄኔሬተሩ ተነስቷል ወይስ አልተነሳም?»

«ተነስቷል ልጄ! መብራት እንደጠፋ በራሱ ተነስቶ ተንደቀደቀ። ‹ተመስገን› አልኩ። ሁለት ደቂቃም አልሞላ፣ አስነጠሰው፣ ተንገጫገጨ፣ ቀጥ አለ። ሮጬ ሄጄ ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር እምቢ። የቤቱን በር ደበደብኩ፤ የመለሰልኝ ከጋራዡ የሚጮህ የመኪና ሬዲዮ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ።»

«ማስታወቂያውስ?»

«ሰኞ ለጥፈውት ነበር። ጌትዬ፣ ልጅየው ራሱ፣ ገንጥሎ ኪሱ ከተተው።»

ልጅየው ይህን ከበረንዳው ሰምቶ ተንደርድሮ መጣ። «ይዋሻል! ከመካኒኩ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበላው! ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

አዛውንቱ አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ መሐላቸው ገባች። «ከዚህ ግቢ ማን እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። አንተም ጭምር» አለችው።

የጄኔሬተሩ ቤት የናፍጣ ሽታ እንጂ ቆሻሻ አልነበረበትም። ታንከሩ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ማብሪያው «አውቶማቲክ» ላይ ነው። ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ በደንብ ይሽከረከራል፤ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው፤ ሆኖም አይነሳም። ከታንከሩ ሥር ያለው የናፍጣ መክፈቻ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ በክር የተንጠለጠለ ካርድ ላይ በወፍራም እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማክሰኞ። ባትሪ አዲስ። ፊልትሮ አዲስ። ናፍጣ ሙሉ። ጭነት ይዞ ግማሽ ሰዓት ሠርቷል። ቆጣሪ 412.3። በየቅዳሜው ሩብ ሰዓት አስነሱት፤ ዝም ብሎ የቆመ ሞተር ያኮርፋል።» የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ አሁን የሚያሳየው 412.4 ነው። ከዚያም ተንበርክካ የእጅ ባትሪዋን ስታበራ፣ ከታንከሩ ሥር አንድ የተቆረጠ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብልጭ አለ።

መካኒኩን ሠፈርተኛው «ሽቦ» ይለዋል። ጣቢያው ውስጥ በካቴና ታስሮ፣ ከቁጣ ብዛት ቁጭ ማለት እምቢ ብሎ ቆሟል። «ተናገር ስባል ተናግሬያለሁ! ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እኔ የሰው ነፍስ ላይ አልቀልድም!»

«ከእኔ ጋር ጠብ የለህም፤ ቁጭ በል» አለችውና ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽቦ ካቴናው እየተንቃጨለ አነሳው። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«የኔ ነው። መክፈቻውን በክፍቱ አስሬበት ነው የወጣሁት። አንዴ አንድ ቤት ሠራተኛዋ በመጥረጊያ መትታ ዘግታው ጉድ ሆኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳላስር አልወጣም፤ ስሙም የወጣልኝ ለዚያ ነው። ይሄንን ማን በፒንሳ ቆረጠው?»

«ናፍጣው ሙሉ ነው፤ መክፈቻው ክፍት ነው፤ ባትሪው ደህና ነው። ለምን አይነሳም?»

ሽቦ ዓይኑ ፈጠጠ። የነገራትን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ስትጨርስ ብድግ አለችና ጠባቂውን «ይሄን ሰው አስነሳው፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በእናትየው መኝታ ቤት ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ አልጋው ባዶ ነው። መብራት ገና አልመጣም። እህትየው ሽቦን ስታይ ልትቧጥጠው ተነሳች፤ ሲስተር ያዘቻት።

«ይሄን ነፍሰ ገዳይ የእናቴ ክፍል ድረስ ታመጪዋለሽ?» አለ ልጅየው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እንጂ ነገሩ፣ ነፍሰ ገዳዩን እንኳ አላመጣሁትም። ቀድሞኝ እዚሁ ነበር» አለች መርማሪዋ።

«ናፍጣ ሙሉ፣ መክፈቻው ክፍት፤ ግን ሞተሩ አይነሳም። ለምን? ቧንቧው ውስጥ አየር ስለገባ። አየር የሚገባው ደግሞ መክፈቻው ተዘግቶ ሞተሩ በፊልትሮ ውስጥ የቀረችውን ናፍጣ መጥጦ ሲጨርስ ነው። ይነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ይሠራል፣ ያስነጥሰዋል፣ ይቆማል። አባባ የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ ቆጣሪውም ከማክሰኞው ቁጥር አንድ አልፎ ይመሰክርላቸዋል። ከዚያ በኋላ መክፈቻውን መልሶ መክፈት ብቻውን አያድንም፤ አየሩን በእጅ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህን መካኒክ ሁሉ ያውቃል። የዘጋው ሰው ግን አያውቅም። ሽቦውን ቆርጦ ዘጋ፤ ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ማንም እንዳያውቅ መልሶ ከፈተ።»

«ዘበኛው ነዋ!» አለ ልጅየው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል።

«አባባ ዘግተውት ቢሆን ‹ተነስቶ ነበር› ብለው ራሳቸውን ምን ያስጠረጥራቸዋል? ‹ትንፍሽ አላለም› ያልከኝ አንተ ነህ። ናፍጣ ከተዘጋ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም ብለህ ስላሰብክ ነው።» ወደ ሽቦ ዞረች። ካቴናውን ራሷ ፈታችለት። «ሂድ፤ አየሩን አስወጣና አስነሳው።»

ጠበቁ። በመስኮቱ በኩል የመፍቻ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። መስኮቱ ተርገፈገፈ፤ ኮሞዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ፤ መብራቱ ቦግ አለ። ማንም ማጥፋት ያላስታወሰው የኦክስጅን ማሽንም በራሱ ተነስቶ፣ ለባዶው አልጋ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። እህትየው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጠዋት ይህ ሁሉ ድምፅ ሁለት ደቂቃ ተሰምቷል!» አለች መርማሪዋ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች። «እጇን ይዞ የተቀመጠ ሰው ይሄን ሳይሰማ ይቀራል? ደንቆሮ እንኳ በእግሩ ይሰማዋል! እዚህ አልነበርክም። አጠገቧ ሰው ቢኖር በከዘራዋ ግድግዳውን ስትደበድብ አትሞትም ነበር። እዩት ግድግዳውን! እዩት!»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«የት ነበርክ? ልንገርህ? ጋራዡን ዘግተህ፣ የመኪናህን መስኮት ዘግተህ፣ ሬዲዮውን አስጩኸህ ተቀምጠህ ነበር። የከዘራዋን ድምፅ ላለመስማት! በመኪናህ የኋላ ዕቃ መጫኛም፣ ‹ሊሞላ ሄዷል› ያልከው ሲሊንደር አለ። ወደዚህ ስመጣ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ የመለኪያው ቀስት ሙሉ ላይ ነው። ሲስተርን ያሰናበትክ፣ ማስታወቂያውን የገነጠልክ አንተ። ፎቅ ልትሠራ!»

«ትሠቃይ ነበር…» አለ ልጅየው በመጨረሻ። «ሐኪሞቹ ራሳቸው ብዙም አትቆይም ብለዋል። እኔ… እኔ ማየት አልቻልኩም።»

«ሲስተር አጠገቧ ልትሆን ትችል ነበር። እሷንስ ለምን ነፈግሃት?»

እህትየው ቀስ ብላ ተነሳችና ፊቱ ቆመች። «ብቻዋን ነበረች?» አለችው። «እማዬ ብቻዋን ነበረች ወይ?» እየደጋገመች ጠየቀችው፤ ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡም እየተከተለች ጠየቀችው።

እህትየው ስትመለስ ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሟል። እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ክንዷን ይዞ አቆማት፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«‹ይበስብስ› ብለሻል አሉኝ እኮ፣ እህቴ። ስሜን ሳታውቂ።»

«ይቅር በለኝ።»

«አሁን አልችልም። ሌላ ቀን ምናልባት» አለና ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ማክሰኞ ዕለት እትዬ በዚህች መስኮት ጠሩኝ። ‹ልጄ፣ እውነት ይነሳል? ካልተነሳ ታፍኜ ነው የምሞተው› አሉኝ። ‹ይነሳል እማማ፣ በእኔ ይሁንብዎ› አልኳቸው። ጠዋት ሲቆምባቸው ዋሽቶኛል ብለው ይሆናል የሞቱት።» በቡጢው የበሩን መቃን መታ። «መዝገቡ ላይ ምን እንደምትጽፊ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ጻፊልኝ። ተነስቶ ነበር። የሠራሁት ሞተር ተነስቶ ነበር!»

የመርማሪዋ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አላነሳችውም። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ የኦክስጅን ማሽኑ ከጎኗ ሽሽሽ እያለ፣ ከሁሉ በፊት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጄኔሬተሩ ተነስቶ ነበር።»