ከግድግዳውና ከመብራቱ መሀል

እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ ከሚያምኑት ወገን አልነበርኩም፣ እንዲያውም ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እናቴ አላህ ይዘንላትና ለላሟም ለበሯም ክታብ ስታስር «አውራ ዶሮው ቅር እንዳይለው ለሱም እሰሪለት» እያልኩ አበሽቃት ነበር። ጅዳ የሰው ቤት ስሠራ ደግሞ እመቤቲቱ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ባፈሰሰ ቁጥር የጅን ሥራ ነው እያለች ቁርኣን ታስቀራበት ነበር፣ እኔ ማሽኑን ከፍቼ የተበላችውን ጎማ አውጥቼ አሳየኋትና ጅኑ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራ ነገር በተወራ ቁጥር «ጎማውን ፈልጉ» ማለት አመሌ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ እንድታውቁኝ ነው፣ ጥላዋን አይታ የምትበረግግ ሴት አይደለሁም።

ዘሀራ እባላለሁ፣ መካነ ሰላም ገበያው ዳር የልብስ ሱቅ አለኝ። የወጣትነት ዘመኔን የሰው ምንጣፍ ስጠርግ አሳልፌ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይህችን ሱቅና ከደሴ ልብስ የማመላልስባትን መኪናዬን ነው፣ ባል አላመጣሁ፣ ልጅ አላመጣሁ፣ ስለ መኪናዬ ሳወራ ድምፄ ቢለወጥ አትፍረዱብኝ። የመኪናዋ ውድ ነገር ደግሞ ሞተሯ እንዳይመስላችሁ፣ የፊት መብራቶቿ ናቸው፣ እነዚያ ውስጣቸው ሌንስ ያላቸው፣ አምፖሉ ለብቻው የማይቀየር፣ አንዱ ጥግ ከተሰነጠቀ ሙሉውን ግዢ የሚያሰኙት ዓይነት። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ጅምላ አከፋፋይ ሱቅ ገብቼ እስክወጣ ሁለቱንም ነቅለው ሄዱ፣ ሽቦዎቹ ተንጠልጥለው፣ ዓይኗ የወጣ ሰው መስላ ስትጠብቀኝ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአንገቴን ወርቅ ሸጬ ነው ሌላ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት የለም። ታርጋ ቁጥሬን መብራቶቹ ላይ አስቀረጽኩ፣ የአክስቴ ልጅ ሰይድ፣ በከተማችን እጁ የተመሰከረለት በያጅ፣ ከፊታቸው የብረት ፍርግርግ በየደልኝ፣ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ እፈታለሁ፣ ግቢዬ ውስጥ ሳቆማት ደግሞ አፍንጫዋን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አጣብቄ ነው፣ ሰው ቀርቶ ድመት እንዳያሾልክ። ይህን ግድግዳ ልብ በሉልኝ። ሰይድ «እታለም፣ ባል ብታገቢ እንዲህ አትጠብቂውም ነበር» እያለ ይስቅብኝ ነበር፣ እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እመልስለታለሁ።

ነገሩ የመጣው በክረምት ነው። ከደሴ ልብስ ጭኜ ስመለስ አቀስታ ላይ አባ ይመርን አሳፈርኩ፣ የሰፈራችን በግ ነጋዴ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ያንን መንገድ በእግራቸው ስንት ዘመን ተመላልሰውበታል። ዝናቡ አባራና ጉም ወረደ፣ በቀን መብራት አብርቼ እየዳሁ ስሄድ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ዋልካው ውስጥ ሰጥሞ መንገዱን ዘግቶታል።

«ልጄ፣ ይሄ ዛሬ አይነሳም» አሉ አባ ይመር፣ ወርደው ጭቃውን በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «ዋልካ የያዘውን ጀንበር እንጂ ሰው አይነቅለውም። ከዚህ ከፍ ብሎ ዘመዶች አሉኝ፣ እዚያ እናድራለን።»

«እርስዎ ይሂዱ አባ ይመር፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ አድራለሁ፣ መብራቶቼን ሜዳ ላይ ጥዬ የትም አልሄድም።»

«አብሽሪ፣ መላ አለው። እዚሁ አጠገብ ሼሁ የተቀበሩበት ቁባ አለ፣ ገበሬው ማረሻውን፣ ነጋዴው ጭነቱን ከአጥሩ ሥር አስጠግቶ ነው የሚያድረው፣ የሚነካው የለም። ስምሽን ጠርተሽ አማና ሰጥቻለሁ ትያለሽ፣ በቃ። ጠዋት ስታነሺ ግን አማናዬን ተረክቤያለሁ ማለት አትርሺ፣ ካላልሽ ጠባቂው ከቆመበት አይቀመጥም። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ።»

መኪናዋን በጎን በኩል ባለችው ጠባብ መንገድ ቀስ ብዬ ነዳኋት፣ አባ ይመር «አጥሩ ታየሽ?» አሉኝ፣ እውነትም በጉሙ ውስጥ አንድ የድንጋይ አጥር ብቅ አለ፣ «ይኸው ደረስን» ብዬ አስጠግቼ አቆምኳት። ለሽማግሌው ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ሳቄን እየዋጥኩ፣ ወደ አጥሩ ዞሬ «እኔ ዘሀራ፣ እነዚህን መብራቶች አማና ሰጥቻለሁ» አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ዱላ ድንጋይ ነካ፣ ቋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እረኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት ፀሐይ ወጣ፣ የጭነት መኪናውም ተጎትቶ ወጣ፣ መንገዱ ተከፈተ። መኪናዬ እንዳቆምኳት ናት፣ እስከ ጣሪያዋ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፣ ሁለቱ መብራቶች ብቻ አንድ ሰው በንጹህ ጨርቅ የወለወላቸው ይመስል ያብረቀርቃሉ። ጤዛ አጥቧቸው ነው አልኩ። አባ ይመር ከዘመዶቻቸው ጋር ሊሰነብቱ ስለቀሩ የሚያስታውሰኝ አልነበረም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ረስቼው አይደለም፣ ከኋላዬ መንገድ ተዘግቶባቸው ያደሩት ሾፌሮች ጡሩምባ እየነፉ ይቸኩላሉ፣ በእነሱ ፊት ከድንጋይ ጋር ላወራ ነው እንዴ ብዬ አፈርኩና ሞተር አስነስቼ ሄድኩ።

የዚያን ዕለት ምሽት ነው እንግዲህ። አክስቴ፣ የሰይድ እናት፣ እራት ጠርታኝ እመጣለሁ ብያት ነበር፣ ደክሞኝ ቀረሁ። መብራት ጠፍቶ ከተማውን ጨለማ ውጦታል፣ መግሪብ ሰግጄ ገና ከስጋጃው ሳልነሳ ከግቢው ድምፅ መጣ፣ ቋ፣ ከዚያ ዝም፣ ቋ፣ ከዚያ ዝም። የሞተር ብረት ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል፣ አውቃለሁ፣ ጎማው ይሄ ነው ብዬ ስጋጃዬን አጠፍኩ። ግን ብረት ሲቀዘቅዝ ይሄዳል እንዴ? ድምፁ ከቀኝ መብራት ይጀምርና ወደ ግራው ይሄዳል፣ እዚያ ይቆማል፣ ይመለሳል። በመስኮት አየሁ፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ ድምፁ የሚመጣው ከመኪናዋ አፍንጫና ከግድግዳው መሀል ነው፣ ድመት ከማታልፍበት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር አየሁ። መብራቶቹ በርተዋል። የባትሪውን ገመድ ፈትቼዋለሁ፣ እመኑኝ፣ የመፍቻው ቅባት ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። መስመሩ ባለበት አይረጋም፣ አንድ ነገር ከፊቱ እየተመላለሰ ይቆርጠዋል፣ ቀኙ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ግራው ይጠፋል፣ ይበራል። መስኮቱን ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ።

በዚህ መሀል አንድ ሰው በጓሮ አጥር ዘሎ ገባ። መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ለየሁት፣ ሰይድ ነበር፣ በእጁ ትልቅ የብረት መቁረጫ ይዟል። እኔ እናቱ ቤት እራት ላይ ያለሁ መስሎት ነው። መንገድ ሊወጣ፣ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር እንደሚያስብ አውቅ ነበር፣ የእኔን መብራት ስንቅ ሊያደርግ እንደሚያስብ ግን በሕልሜም አላሰብኩ። የመኪናዋን በር ቁልፍ የጠገነው እሱ ነው፣ በሩን ከፈተው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋት፣ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ተከፈተ። ልጮህ አፌን ስከፍት ያ መንቋቋት ቆመ፣ የእኔም ድምፅ አብሮ ቆመ።

ሰይድ ወደ ክፍተቱ ገብቶ ተንበረከከ። ትንሽ ቆይቶ ሲናገር ሰማሁት፣ ለሽማግሌ እንደሚናገር ሰው፣ በትህትና።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ እዚህ መኖርዎን አላወቅኩም።»

ጆሮውን ዘንበል አደረገ፣ እንደሚያዳምጥ።

«አዎ፣ አውቃታለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ናት።»

እንደገና አዳመጠ።

«እሺ አባቴ፣ እነግራታለሁ። መብራቱን ብቻ ከዓይኔ ላይ ያንሱልኝ። ያንሱልኝ፣ በነቢ!»

ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ፣ ከመኪናዋም ከበሩም እየተላተመ ወጥቶ ሮጠ። ሰፈሩ ተንጫጭቶ ውሾቹ ዝም እስኪሉ ጠብቄ ስወጣ መብራቶቹ ጠፍተዋል፣ የባትሪው ገመድ እንደተፈታ ነው። ጭቃው ላይ የሰይድ ጉልበት ታትሟል፣ መቁረጫው እዚያው ወድቋል፣ ከዚያ ውጭ ከቀኝ ወደ ግራ የተደረደሩ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ፣ የእግር ዱካ የለም። የጣሪያ ጠፈጠፍ ነው ብዬ ቀና አልኩ፣ ጣሪያው እስከዚያ አይደርስም።

በነጋታው አክስቴ እያለቀሰች መጣች። ሰይድ ዓይኑን በሻሽ አስሮ ተኝቷል፣ ሲገልጥ ያያል፣ ሲጨፍን ነው ጉዱ፣ ሁለት መብራት ፊቱ ላይ ይበራበታል፣ እንቅልፍ የለም። ጤና ጣቢያ የብየዳ ብርሃን መቶት ነው ብለው ጠብታ ሰጡት፣ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ይኸው ጎማው! ግን ጠብታው አልቆ እንኳን ልጁ አልተኛም፣ ፊቱ ከሰለ፣ ምግብ ከአፉ ይወድቅ ጀመር፣ አክስቴ ያላት እሱን ብቻ ነው። ለብቻችን ስንሆን እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ መብራትሽን ልሰርቅ ነው የመጣሁት፣ አፉ በይኝ። ሽማግሌው ባለቤቷ ካልተረከበችኝ አልቀመጥም ብሎኛል። በአላህ ይሁንብሽ፣ ተረከቢው፣ ደክሞታል።»

ስለ አማናው ለማንም፣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሊሰርቀኝ መጣ ብዬ የያዝኩት ንዴት እዚያው በፍርሃት ተዋጠ፣ ይህ ልጅ በእኔ ኩራት ምክንያት ሊያብድ ነው ብዬ አሰብኩ። መኪናዬን አስነስቼ ወደዚያ ነዳሁ፣ ቀኑ ብራ ነበር፣ የቁባው ጠባቂ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«የት ላይ አቆምሽ?» አሉኝ ነገሩን ስነግራቸው።

«ከድንጋዩ አጥር ሥር።»

የቁባውን አጥር ዞር ብለው አዩት፣ እኔም አየሁት፣ የእንጨት አጥር ነው። የድንጋዩ አጥር ከእሱ ዝቅ ብሎ ብቻውን ይታያል፣ በጉሙ ውስጥ ሳንደርስ ነው የቆምነው።

«እዚያ ማን እንዳለ አባቶቻችንም አልነገሩን» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ እዚያ ምንም አንጥልም፣ ፍየልም አናሳርፍ።»

ብቻዬን ወደ አጥሩ ወርጄ «እኔ ዘሀራ አማናዬን ተረክቤያለሁ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ የሚያይ ቢኖር ባይኖር ግድ ሳይሰጠኝ። ለአክስቴ ደወልኩ፣ ከስልኩ ወዲያ የሰይድ ጩኸት ይሰማል፣ የዘገየው ቃል አልሠራም። ያን ጊዜ የሰይድን መቁረጫ ከመኪናዋ አወጣሁ፣ እሱ የበየደውን ፍርግርግ ቆረጥኩት፣ ያ ሁሉ የተለፋባቸውን መብራቶች በገዛ እጄ ነቀልኩና ከአጥሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። «ያንተ ይሁኑ፣ ልጁን ተወው» አልኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ በዓይነ ስውር መኪና እየበረርኩ ከተማ ገባሁ። ሰይድ በዚያ ምሽት ተኛ፣ እስከ ረፋድ ድረስ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። መኪናዬ እስካሁን መብራት የላትም፣ ዕቃዬን በሰው መኪና ነው የማስመጣው። ባለፈው ሰሞን ካርቶኖቼን ያመጣልኝ ሾፌር፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ የደሴ ልጅ፣ ዕቃውን እያወረደ «ዘሀራ የምትባይው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ጉሙ ውስጥ ከአንድ የድንጋይ አጥር አጠገብ አንድ ሽማግሌ አስቆመኝ። መብራቶቿ ደህና ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም፣ መጥታ ትረከበኝ በላት አለኝ። እግሬ ዝሏል ብሏል፣ ያሳዝናል።»

ለካ ከአጥር ሥር ማስቀመጥ መስጠት አይደለም፣ ማስቀመጥ ያው አማና ነው፣ ይህን እንኳ ሳላስብ እንደገና አቆምኩት። አሁን ሄጄ ባነሳቸው ሽማግሌው ተከትሎኝ የሰይድ ዓይን ድረስ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፣ ካልሄድኩ ደግሞ እዚያ ጉም ውስጥ አንድ ሰው፣ ሰው ከሆነ፣ በእኔ ቃል ታስሮ ቆሟል። ዛሬም ጠዋት ጉም ወርዷል፣ መፍቻዬን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።