እስኪጨልም ልሸኝዎት

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ነው። ሌሊት ነው ስላችሁ ግን ጨለማ እንዳታስቡ። ሰማዩ ወተት ይመስላል። የድንጋዩ ቀለም ይለያል። ውሃው ላይ የተኛችው ወፍ እንኳ ትታያለች። መንገዱ ግን ባዶ ነው። ሱቁ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ የሚጮህ ውሻ እንኳ የለም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል።

ከተማዋ ስቶክሆልም ትባላለች። ሩቅ ናት፤ በሰሜን ናት። ደሴት ከደሴት በድልድይ የተያያዘች ከተማ ናት። በሰኔ አጋማሽ እዚያ ሌሊቱ አይጨልምም። ጀምበሯ ትጠልቃለች፤ ብርሃኗ ግን አብሯት አይሄድም። የዚያን ዕለት ደግሞ በዓላቸው ነው። በቅጠልና በአበባ የተሸፈነ ረጅም ምሰሶ አቁመው ዙሪያውን ይጨፍራሉ። ለበዓሉ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ይወጣል። ከተማዋ ባዶዋን ትቀራለች። ባዶ ከተማ፤ የማይጨልም ሌሊት። እስቲ ንገሩኝ፣ መንፈስ የሚወጣው በጨለማ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ሰውየው ምንተስኖት ይባላል። የዚሁ የእኛ ሰፈር ሰው ነው፤ የመንገድ ቀያሽ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ከጓደኛው ከጋሽ ዘርጋው ጋር ለአራት ወር ስልጠና ፊንላንድ ተላከ። የመንገዱን ነገር የነገረኝ ጋሽ ዘርጋው ነው። የቀረውን የነገረችኝ የምንተስኖት ሚስት፣ እትዬ አስካለ ናት። ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ምንተስኖት ሲሄድ አስካለ ነፍሰ ጡር ነበረች። እዚያ እያለ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ትርሲት አሏት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣ የለ? አባትየው በስልክ ማለ። "ክርስትናዋን እደርሳለሁ። ታቅፌ የምወስዳት እኔው ነኝ" አለ። ሰማንያኛው ቀን የሚውለው ሰኔ ሃያ ሁለት ነው። ስልጠናው ሰኔ አሥራ አምስት አለቀ። አውሮፕላኑ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ይነሣል። መካከል ላይ ሦስት ቀን ተረፈ።

"ስዊድን እኮ በመርከብ አንድ ሌሊት ናት" አለ ጋሽ ዘርጋው። "አንድ ቀን አይተናት እንመለስ። አራት ወር ሙሉ አስፋልት ብቻ አየን ብለን ነው የምንገባው?"

"ብናረፍድስ? አውሮፕላኑ አይጠብቀንም።"

"በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርከብ አለ። አንተ ደግሞ ከወለድክ ወዲህ አሮጊት ሆነሃል።"

ሄዱ። ቀኑን ሙሉ እየሮጡ አዩ። ቤተ መንግሥቱን ከውጭ አዩ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉትን ጠባብ ጠባብ የድሮ መንገዶች አዩ። ወደ ማታ ምሰሶው ዙሪያ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ሲጨፍሩ አዩ። ከዚያ የጋሽ ዘርጋው ተረከዝ በአዲሱ ጫማ ተላጠ። ማደሪያቸው ገብቶ አልጋው ላይ ወደቀ።

"ይህ እግር ከእንግዲህ የእኔ አይደለም፤ የጫማው ነው" አለ። "አንተ ውጣና እይ። ያየኸውን ጠዋት ትነግረኛለህ፤ እኔም አየሁ ብዬ አወራለሁ።"

ምንተስኖት ብቻውን ወጣ።

በውሃው ዳር ይሄዳል። ይሄዳል። ባዶ ነው። አሁንም ይሄዳል። ከውሃው ማዶ አንድ ሰው አየ። ሰውየውም ይሄዳል። ምንተስኖት ሲቆም ሰውየው ቆመ። ምንተስኖት ሲራመድ ሰውየው ተራመደ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "እንደ እኔው የሚንሸራሸር ነው" ትላላችሁ። እሱም እንደዚያ አለ።

ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሰውየው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሽማግሌ ነው። በዚያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ምንተስኖት ሊያልፈው ሲል ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣ።

"እንደምን አመሸህ ልጄ" አለ።

በአማርኛ።

እስቲ አስቡት። አራት ወር ከዘርጋውና ከስልክ በቀር አማርኛ ያልሰማ ሰው ነው። ደስ አለው። እጅ ነሣ። "እንደምን አመሹ አባቴ! ከየት መጡ?" አለ።

"ቆየሁ ልጄ። እዚህ በጣም ቆየሁ።" ሽማግሌው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፤ ብርድ ላይ እንደቆመ ሰው። ምንተስኖት አየው። ሲጋራ መሰለው። "ቤቴ ቅርብ ነው። ብቻዬን መሄድ ሰልችቶኛል። ትንሽ ትሸኘኛለህ?"

የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። እንግዳ ብቻውን አይወጣም። እስከ በር ይሸኛል፤ ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ መንገድ። ከዚያ የተሸኘው ደግሞ "አሁን እኔ ልመልስህ" ይላል። ይመለሳሉ። የቤቱ ጌታ እንደገና "ብቻህንማ አትሄድም" ይላል። ሁለት ጎረቤቶች እንዲህ ሲመላለሱ አላያችሁም? የሚያስቆማቸው ምንድን ነው? ጨለማ ነው። "በል መሸ፣ ተመለስ" ይባልና ይለያያሉ። ሌላ የሚያስቆማቸው ነገር የለም።

ምንተስኖትም እንደ ወጉ መለሰ። አስቦ አይደለም፤ አፉ ለምዶት ነው።

"ምን ችግር አለ አባቴ፤ እስኪጨልም ልሸኝዎት" አለ።

ሽማግሌው ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ። ጎን ለጎን ሄዱ።

ስለ አገር ቤት ጠየቀው። ዝናብ እንዴት ነው፣ እህል እንዴት ነው። ምንተስኖት ስለ ልጁ ነገረው፤ ስለ ክርስትናዋ ነገረው። ሽማግሌው "ታድለሃል፤ የሚጠብቅህ አለ" አለ። አንድ የብረት በር ጋ ደረሱ። "ቤቴ ይኸው ነው" አለ። ከዚያ ዞረ። "አሁን ደግሞ እኔ ልመልስህ።" ድልድዩ ድረስ ተመለሱ። ድልድዩ ላይ ሽማግሌው ቆሞ አየው። ብቻቸውን ይሂዱ ይባላል? አይባልም። እንደገና ወደ ብረቱ በር ሄዱ። እንደገና ወደ ድልድዩ ተመለሱ።

በሦስተኛው ምንተስኖት በሩን በደንብ አየው። ከበሩ ወዲያ ቤት የለም። ሣር ነው። ሣሩ ላይ ድንጋይ ቆሟል፤ ብዙ ድንጋይ፤ በረድፍ በረድፍ። ሽማግሌውን አየው። ካፖርቱ ትከሻ ላይ በረዶ አለ። በሰኔ። በረዶው አይቀልጥም።

"አባቴ፣ ቤትዎ ይህ ነው?"

"ይህ ነው ልጄ። ስገባ ክረምት ነበር። ሁለት ሰዎች ሳጥኑን አወረዱ፤ እየበረዳቸው ቶሎ ሄዱ። እድር የለ፣ ዘመድ የለ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው የለ። ሳልሸኝ ነው የገባሁት።"

ምንተስኖት ከበሩ ራቅ አለ። "በቃ ልሂድ አባቴ። ጠዋት መርከብ አለብኝ" አለ።

ሽማግሌው አልተቆጣም። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ወተት ነው።

"ጨለመ እንዴ?" አለ።

ንጋት ላይ ጋሽ ዘርጋው ነቃ። የጓደኛው አልጋ እንደተነጠፈ ነው። በተላጠ እግሩ እያነከሰ ሊፈልገው ወጣ። አገኘው። ምንተስኖት ድልድዩ ላይ በዝግታ ይሄዳል፤ ወደ ጎኑ ዘንበል እያለ ያወራል። ከጎኑ ማንም የለም።

"አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? መርከቡ ሊነሣ ነው።"

"መጣሁ፤ እኚህን አባት ላድርስ።"

"የቱን አባት?"

"ቀስ በል፤ ይሰማሉ።"

ጋሽ ዘርጋው ሳቀ። ጠጥቶ መሰለው። አፉን አሸተተው፤ አልጠጣም። እጁን ያዘው፤ እጁ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ብረት ይቀዘቅዛል። "ልጅህን ማየት ትፈልጋለህ አትፈልግም?" አለው። ምንተስኖት ያን ጊዜ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ጎኑ ዞሮ የሆነ ነገር አዳመጠ።

"እሺ፣ እንሂድ" አለ። "አሁን ተራው የእሳቸው ነው። ሊሸኙኝ ነው።"

"እስከ የት?"

"እስከ ቤቴ።"

መርከቡ በር ላይ ምንተስኖት ወደ ጎን ቆመ። "ይቅደሙ አባቴ" አለ። አውሮፕላኑ በር ላይ ቆመ። "ይቅደሙ አባቴ" አለ። አዲስ አበባ አውቶቡሱ በር ላይም ቆመ። ጋሽ ዘርጋው መርከቡ ላይ ቀልዶበት ነበር፤ "ለእሳቸውም ቲኬት ቁረጥ እንጂ" ብሎት ነበር። አውቶቡሱ ላይ ግን አልቀለደም። ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆ የቆመበት አውቶቡስ ነው። ከምንተስኖት ጎን ያለው ወንበር ግን ባዶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ልትቀመጥ ትመጣለች፤ ትንሽ ታቅማማለች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብስባ ወደ ኋላ ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ የተቀመጠበት ሰው አልነበረም።

ሰኔ ሃያ አንድ ማታ ደረሱ። የክርስትናው ዋዜማ። ዝናብ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ወደ ቤቱ ሄደ። ምንተስኖት የራሱን በር አንኳኳ።

አስካለ ልጅቱን ታቅፋ፣ ፋኖስ ይዛ ከፈተች። ባሏን አየች። "ደረስክ" አለችው። ከዚያ ከትከሻው በላይ አየች።

"እኚህ አባትስ?" አለች።

ሰማችሁ? አየችው። ጋሽ ዘርጋው ያን ሁሉ መንገድ አብሮት ተጉዞ ያላየውን እሷ በሯ ላይ አየችው። ሽማግሌ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ። ደጅ ላይ ቆሟል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሱን ግን አያርሰውም።

"ዝናብ ላይ አይቁሙ አባቴ። ይግቡ እንጂ።"

ባለጌ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር። ግን ጨዋ ናት። ሽማግሌው አንድ እግሩን አነሣ።

ምንተስኖት በሩ መካከል ገባ። ወደ ልጅቱ እጁን ዘርግቶ ነበር። ሊነካት አንድ ስንዝር ሲቀረው ጣቶቹን አየ። ጣቶቹ ላይ በረዶ አለ። እጁን መለሰው። ለምን እንደመለሰው አስካለ በኋላ ነው የገባት። ሽማግሌው ከገባ እንግዳ ነው። እንግዳ ይሸኛል። ዛሬ ምንተስኖት ይሸኘዋል፤ ነገ ተራው የአስካለ ነው፤ ከአስካለ ቀጥሎ የማን ነው? ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ማን አለ?

"እዚህ ድረስ ሸኝተውኛል" አላት። "እኔም ልሸኛቸው። በሩን ዝጊ።"

"ልጅህን ሳታቅፍ?"

"ዝጊ አልኩሽ አስካለ።"

ዘጋች። በሩ ላይ ጆሮዋን አድርጋ ሰማች። ጭቃው ላይ የሚሄደው የአንድ ሰው እግር ነው። የሚያወሩት ግን ሁለት ናቸው።

በማግስቱ ልጅቱን እሷው ታቅፋ ወሰደች። ባሏን በወንዙ ፈለጉት፣ በገደሉ ፈለጉት። የለም።

"እዚህ እኮ ይጨልማል" ትሉኛላችሁ። "ከጨለመ ሽኝቱ ያልቅ የለ?" ትላላችሁ። እኔም እትዬ አስካለን ጠይቄያታለሁ። "ፋኖሱን አንሥቼ ፊቱን አይቼዋለሁ" አለችኝ። "ደጁ ጥቁር ነበር። ዓይኖቹ ውስጥ ግን አልጨለመም። ወተት የመሰለ ብርሃን ነበር።" ለእሱ ያች ሌሊት አልጨለመችም። አትጨልምም።

እስከዚያ ብረት በር ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው። በእግር ለመሄድና ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዓመት ይፈጃል። በዓመቱ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ማታ፣ በሩ ተንኳኳ።

"አስካለ፣ ደረስኩ። ክፈቺ።"

ድምፁ የባሏ ነው። ከኋላው ሌላ ሰው ሲያስል ሰማች። አስካለ ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አልተነሣችም። በሩ ስር ብርድ ይገባል። ብዙ ቆየ። ከዚያ "እሺ፤ እሳቸውን ልሸኝ" አለ፤ እግሩ ራቀ። በሚቀጥለው ዓመት ተንኳኳ። በሚቀጥለውም። ሃያ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሃያ ሁለት ጊዜ አልከፈተችም። በየዓመቱ ድምፁ እየደከመ ነው የሚመጣው። "አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን ልያት" ይላል። ባሏን ትወደው ነበር። እናንተ ብትሆኑ ትችሉታላችሁ?

እትዬ አስካለ ባለፈው ጥር አረፈች። ቀባሪዎቿ እኛው ነን።

ትርሲት አሁን ብቻዋን ነው ያለችው፤ ከዚህ አጥር ማዶ። ዛሬ ሰኔ ሃያ አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነበር፤ "ነይ፣ እኛ ጋ እደሪ" ልላት። ቤቱን ጠርጋ አገኘኋት። ጸጉሯን ታጥባለች። ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች።

"ትርሲቴ" አልኳት፣ "እናትሽ ሃያ ሁለት ዓመት ያልከፈተችው ለምን ይመስልሻል?"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ?"

"አባቴ ነው። አንድ ቀን አላቀፈኝም።" ሳህኑን አስተካከለች። "ደግሞስ ሁለት ናቸው ብለሽ የለ። ሁለት ሳህን ይበቃል። እኔ አልበላም።"

ለመንኳት። እጇን ይዤ ለመንኳት። አልመጣችም።

እና ማናችሁም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቢያገኛችሁ፣ "ትንሽ ሸኙኝ" ቢላችሁ፣ ባለጌ ሁኑ። አትመልሱለት። ምንተስኖትን የመሰለ ሰው ከጎኑ ቢኖርም አትመልሱለት። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት ብትከተል፣ ብታውቋትም እንኳ፣ ስሟን አትጥሩ።

ዝናቡ አባርቷል።

ዝም በሉ እስቲ። አሁን የተከፈተው የማን በር ነው?