ወዝ አልይዝ ያለ ድንጋይ

ዳርሲ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽኑን በርሜል ክዳን ስትከፍት ነጣ ያለ ጭቃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ድንጋዮቹን እያወጣች ባልዲ ውስጥ አለቀለቀቻቸው፤ በፎጣ አደረቀቻቸውና በጋራዡ በር ወደሚገባው ብርሃን ያዘቻቸው። እርጥብ ሳሉ ያምሩ ነበር። ሲደርቁ ወዛቸው ጠፋ።

«እስቲ ልይ» አለች ማርሊ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። አንዱን ተቀብላ አገላበጠችው። «ይሄ ምንድን ነው? ሳሙና ይመስላል እኮ።»

በርሜሉ ከወር በላይ ሌት ተቀን ሲሽከረከር ከርሟል፤ መጀመሪያ በሻካራ ዱቄት፣ ቀጥሎ በደቃቅ፣ በመጨረሻም በማንጸባረቂያው ዱቄት። ድንጋዮቹ ሹል ጎናቸው ጠፍቶ እንደ ባቄላ ለስልሰዋል። ፊታቸው ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጠቃጠቆ ሆኖ ቀርቷል።

የማሽኑ ባለቤት፣ የዳርሲ አጎት ላይል፣ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። «ጄድ የሚሉት ይህ አረንጓዴ የወንዝ ድንጋይ ግትር ነው። አንዳንዱ በበርሜል እሺ አይልም። ወይ ሌላ ሳምንት ጨምሩለት፣ ወይ እንዲሁ ጉትቻ አድርጉት።»

«ገበያው እኮ ከነገ ወዲያ ነው» አለች ማርሊ።

ዳርሲ ይህ እንዲነገራት አላስፈለጋትም። ሁለቱም የሊሉዌት ከተማ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጉትቻው የሚሸጠው ቡድኑ ቫንኩቨር ለውድድር እንዲሄድ ነው። ማርሊ ደግሞ ከኢንተርኔት ያገኘችውን መስታወት የመሰለ የጄድ ፎቶ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ልካ፣ የእኛም እንዲህ ነው ብላለች።

«ስጪኝ በቃ» አለች ማርሊ ድንጋዮቹን ወደ ቦርሳዋ እያስገባች። «ሽቦውን ቤት እጠመዝዝላቸዋለሁ። በቆዳም እፈገፍጋቸዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ዳርሲ ገበያው ስትደርስ ማርሊ ጉትቻዎቹን ጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድራ ጨርሳለች። ዳርሲ ቆም አለች። ድንጋዮቹ ያበራሉ።

«እንዴት አድርገሽ ነው?»

«ቆዳ ነዋ። እጄ ሊገነጠል ነበር።»

ዳርሲ ደስ አላት። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሳይመጡ አንዱን ጥንድ አንስታ ሽቦው ስር በጥፍሯ ነካ አደረገችው። አንድ ስስ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠና ጣቷ ላይ ተጣበቀ። አሸተተችው።

«ማርሊ፣ የጥፍር ቀለም ቀብተሽዋል?»

ማርሊ ግራ ቀኝ አየች። «ቀስ በይ። ቀለም አልባውን ነው የቀባሁት፣ አይታይም።»

«ይላጣል እኮ።»

«አታካብጂ ባክሽ። ድንጋዩ ጄድ ነው አይደል? እሱን መቼ ዋሸሁ? ማታ ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የቀባሁት። አንቺ ያን ጊዜ ተኝተሽ ነበር።»

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ አክስት የሚሏት ቨርና መጣች። ቨርና የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ትነዳለች፤ ሁለቱንም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አመላልሳቸዋለች። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አየችና ያንኑ፣ ዳርሲ የያዘችውን ጥንድ ጠየቀች።

«ለልጄ ለጃኔል ነው» አለች። «በሰኔ ትመረቃለች። የራሳችን ወንዝ ድንጋይ ጆሮዋ ላይ ቢሆን ብዬ። ግን ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያበራው? ወንድሜ ስንት ዓመት ሞክሮ አቅቶታል።»

«በቆዳ ፈግፍገነው ነው» አለች ማርሊ።

ቨርና ዳርሲን አየቻት። ዳርሲ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቷ ሸፍና ነበር።

«ይሄኛው ገና አላለቀም» አለች። «ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ?»

«ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ።»

ቨርና ስትሄድ ዳርሲ መንገዱን ተሻግራ ከፋርማሲው የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ አሴቶንና ጥጥ ገዝታ ተመለሰች። ተቀምጣ ያንን ጥንድ መጥረግ ጀመረች። ማብረቅረቁ ወዲያው ለቀቀ፤ ከሥሩ ያ ፈዛዛ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወጣ።

«ማንም አይገዛውም» አለች ማርሊ። «ከዚያ ቫንኩቨር አንሄድም። ለቡድኑ ልጆች አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ቨርና የወረቀት ሳህኗን እንደያዘች ተመለሰች። ዳርሲ ጉትቻውን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ያበራ የነበረው የጥፍር ቀለም እንደነበረ፣ የድንጋዩ የራሱ መልክ ይህ እንደሆነ ነገረቻት። ማን እንደቀባው አልተናገረችም።

ቨርና ጉትቻውን ወደ ፀሐይ ያዘችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በቀስታ ጨርቁ ላይ መለሰችው።

«ጃኔል የሚያብረቀርቅ ነገር ነው የምትወደው» አለች። «እጠይቃታለሁ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ።» ቀጥሎ ወዳለው ማር ሻጭ አለፈች።

«አየሽ?» አለች ማርሊ።

ዳርሲ አየች። ጠረጴዛው ላይ ገና ብዙ የሚያበሩ ጉትቻዎች አሉ፤ ሁለት ሴቶችም ከሩቅ እየጠቆሙ ወደነሱ እየመጡ ነው። ጥጡን ገልብጣ ቀጣዩን ጥንድ አነሳች።

ከወንዙ በኩል የመጣው ነፋስ የጨርቁን ጫፍ ገለበው፤ የአሴቶኑ ጠርሙስ ተንገዳገደ። ማርሊ ቶሎ ብላ ያዘችው። አልከደነችውም። ለዳርሲም አላቀበለቻትም። ሴቶቹ እስኪደርሱ ድረስ፣ ልታግዛት ወይም ልትከለክላት ሳትወስን፣ እንዲሁ ይዛው ቆየች።