የወፍጮው መጅ

ጥርሳቸው ያለቀ ሁለት ሽማግሌዎች ለገዛ ሠርጋቸው እንዲህ የሚጣደፉት ምን አይተው ነው?

ከኢየሩሳሌም ትምህርቴን ጨርሼ አንኮበር የገባሁ ዕለት ይህ ጥያቄ ያዘኝ። ከዚያ ያመጣሁት ብዙ መጽሐፍና ጥቂት እምነት ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ እናናየሁ ከበቅሎዬ ሳልወርድ እጄን ያዘችኝ።

«ገብረአብ፣ ደግ ቀን መጣህልኝ። ነገ ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«ባሌን ነዋ።»

ባሏ አያ ወልደጻድቅ ደጁ ላይ ኮርቻ እየሰፉ ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው። ሁለቱ በወጣትነታቸው የተጋቡት በምስክር ፊት በመሐላ ነው። እንዲህ ያለው ጋብቻ ይፈርሳል፤ እነሱም አንዴ አፍርሰውት ታርቀዋል። አሁን ግን አብረው ቆርበው ሊጋቡ ነው። የቁርባን ጋብቻ ደግሞ ፍቺ የለውም።

«በዚህ ዕድሜ ማን ይፋታል ብላችሁ ነው?» አልሁ።

«አክስትህ አትታመንም» አሉ አያ ወልደጻድቅ። «በሩን ልዝጋባት ብዬ ነው።»

«የሚዘጋው በማን ላይ እንደሆነ እናያለን» አለች፤ ጉንጯ ግን እንደ ልጃገረድ ቀላ።

ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታቸው አባ ኃይለ ገብርኤል መጡ። ተቀመጡና እንደ ደንቡ ጠየቁ። «በመካከላችሁ የቀረ ቂም አለ?»

«የለም» አሉ አያ ወልደጻድቅ።

አክስቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

«አለ» አለች በመጨረሻ። «አረርቲ ወርደው ከሌላ ሴት ጋር የከረሙበት ዓመት አለ። ታርቀናል፤ እኔ ግን ከልቤ ይቅር አላልሁም። ነገ በታቦቱ ፊት ልዋሽ አልችልም።»

«እንግዲያው ነገ አይሆንም» አሉ አባ። «ልብሽ ሲፈቅድ ጥሩኝ።»

አያ ወልደጻድቅ ሳላቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ልቧ እስኪፈቅድ የሚያቆያቸው ዕድሜ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው በአክስቴ ፊት ቆሙ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ብቻ ነው።

አክስቴ ትክ ብላ አየች። «የወፍጮዬን መጅ ነው የተሸከሙት?»

«እጄ የገባው እሱ ነው።»

«እህል በምን ልፈጭ ነው? ደጅ ትንሽ ድንጋይ ጠፋ?»

«በደሌ ትንሽ አይደለም፣ እናናየሁ።»

ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ ማዘንበል ጀመረ። ላግዛቸው ስነሣ አባ እጅጌዬን ያዙኝ። «የተበደልኸው አንተ አይደለህም፤ ተቀመጥ።»

አክስቴ ጠጋ ብላ አጎንብሳ ፊታቸውን ፈለገች። ዕድሜዋን ሙሉ በአክብሮት የጠራቻቸውን ሰው፣ ያን ጊዜ «አንተ» አለቻቸው።

«ከአረርቲ ለምን ተመለስህ?»

«ስታረጂ ሳላይሽ እንዳልቀር ፈርቼ።»

ከዚያ አክስቴ እንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች። «ይኸው አረጀሁ፤ እየኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

መጁን ልታወርድ ስትስብ ከበዳት። ሁለቱም መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ድንጋዩን በመካከላቸው አድርገው እስኪያልባቸው ሳቁ።

በማግስቱ ማለዳ የቅዱስ ሚካኤልን አቀበት ተደጋግፈው ወጡት። እሳቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው እሷ ጉልበቷ የደከመ መስላ ትቆማለች። ቆርበው ሲወጡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር፤ መነጋገር አይችሉም። ዓይናቸው ግን ዝም አላለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ሰው እንዲህ ሲተያይ አላየሁም። እኔ፣ ተጠራጣሪው፣ ዓይኔን ከእነሱ መንቀል አቃተኝ።

ክረምቱ ሲገባ አያ ወልደጻድቅ አልጋ ያዙ። ሳዝን አይተው፣ «ያለቀው ኮርቻው ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። «ጋላቢው ገና ሊነሣ ነው።» አክስቴ እጃቸውን ይዛ ሳለች ዐረፉ።

መስከረም ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋወርቅ በተራቸው ሊያርፉ ተቃረቡ። አክስቴ በበትሯ ተደግፋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ፣ ለገበያ መንገደኛ እንደምታደርገው ሁሉ አደራ ሰጠቻቸው።

«እዚያ ሲደርሱ ለወልደጻድቅ ይንገሩልኝ። መጁን ቦታው መልሼዋለሁ። እግሬ እምቢ ብሏል፤ ልቤ ግን ከሠርጌ ማለዳ ይልቅ ዛሬ ይቸኩላል። ከጎንህ ቦታ ተውልኝ ብላለች ይበሉት።»

እትዬ ሸዋወርቅ በደከመ ድምፅ፣ «ሌላ ሴት እንዳትጠጋው ልጠብቅልሽ?» አሏት።

«አይድከሙ። በሩ ተዘግቶበታል።»

ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔም ሳላስበው ጎንበስ አልሁ። በእትዬ ሸዋወርቅ ጆሮ፣ «እውነት ከሆነ፣ ለእኔም ጥግ ይያዙልኝ ይበሏቸው» አልሁ።

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ።

አክስቴ ጠዋት ጠዋት መጇን እየገፋች ታዜማለች። እኔ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። መልስ እስካሁን አልመጣም።