ጥላ የገባችው ልጅ

ስሙኝማ የቻናሉ ልጆች... እኔ ውሸታም ነበርኩ። ኮመንት ላይ እንዳትደክሙ እሱን አስቀድሜ ራሴ ልንገራችሁ።

ይሄ ግን ሆኗል። በኔ ነው የሆነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት።

አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ እየፎረፍኩ በባጃጅ ስዞር እውላለሁ። ማታ እማን "ላይብረሪ ነበርኩ" እላታለሁ። አንድ ቀን ነቃችብኝ። ወስዳ ጠባይ ማስተካከያ አስገባችኝ።

አዳሪ። ሦስት ወር!

ስሙን አልጠራም። እኛ "ግቢው" ነበር የምንለው። ዙሪያው ማሽላ ብቻ ነው። ከእማ ሱቅ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው... ሃያ ደቂቃ! ግን ስልክ የለ፣ መውጫ የለ።

የሚያስተዳድሩን እትዬ ፈለቀች ይባላሉ። አይጮሁም። አይመቱም። የሳቸው ቅጣት ሌላ ነው።

"ጥላ መግባት" ይባላል።

ያጠፋች ልጅ ሳህኗን ይዛ ግቢው መሀል ያለው ማንጎ ስር ለብቻዋ ትቀመጣለች። ማንም አያናግራትም። ማንም አያያትም። "አጥፍቻለሁ" እስክትል ድረስ እንደሌለች ናት። ምሳ ሲቀርብ እንኳን "እንብላ" አትባልም።

እኛ ቆርቆሮ ስር እየተቀቀልን እሷ ጥላ ውስጥ ናት። ግን ማንም አይቀናባትም።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ አምስት ሆነን አንድ ትሪ ከበናል። ቀና ስል ማንጎው ስር አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። ሹሩባዋ በቀኝ በኩል ተሰርቷል፣ በግራ በኩል ተፈቷል።

የለመደ አፍ አይደል... "እንብላ!" አልኳት።

"እሺ፣ መጣሁ።"

እስቲ አስቡት። "እንብላ" ሲባል ሰው "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ነው የሚለው። "መጣሁ" የሚል አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ጓደኛዬ ኑርሃን፣ የአሊዩ አምባዋ፣ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"ማንን ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ጥላ የገባችዋን ነዋ።"

"ፀዲ... ዛሬ ማንም ጥላ አልገባም።"

"አንቺ ደግሞ! ያቻትና..."

ዞርኩ።

ሳህን ብቻ።

"አዑዙ ቢላህ..." አለች ኑርሃን። ሳፊያ የምትባለው ነገረኛ ደግሞ ሳቀች፦ "የባጃጇ እመቤት ጂኒ ጋበዘች!"

ከዛ ቀን ጀምሮ በኔ በኩል ያለው እንጀራ ቶሎ ያልቃል። እኔ ሳልነካው።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ሆዳም!" ይሉኛል።

እኔ ርቦኛል!

ከዛ ስም ጥሪ ላይ... እትዬ ፈለቀች "ፀደንያ" ሲሉ፣ አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ "አቤት" ተባለ።

በኔ ድምፅ።

"እትዬ፣ አቤት ያልኩት እኔ አይደለሁም!"

"አቤት ስትዪ አልሰማሁም? ልጄ፣ እዚህ ያመጣሽም እኮ ይኸው ነው።"

እሁድ እሁድ በቢሮው ስልክ አምስት ደቂቃ ይፈቀድልናል።

"እማ፣ በናትሽ ነይ አውጪኝ! እዚህ የሆነች ልጅ አለች..."

"ደግሞ ጀመረሽ? ትናንት ደውለሽ አልቅሰሽ ይቅርታ ጠይቀሽኝ፣ ዛሬ ተረት?"

"ትናንት አልደወልኩም!"

"ፀደንያ።"

"እመብርሃንን አልደወልኩም!"

"በሷም በውሸት ትምያለሽ?" ዘጋችው።

ልፈነዳ ነበር እኮ! ስዋሽ ሁሉም ያምነኝ ነበር። እውነቱን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ጠፋ።

እትዬ ፈለቀች አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። አንድ ቃል ብቻ አሉኝ።

"ጥላ።"

ማንጎው ስር ተቀመጥኩ። "አጥፍቻለሁ" ብል ያልቅ ነበር። ግን ያልዋሸሁትን ዋሸሁ ልበል? እልህ ያዘኝ። ሦስት ቀን ቻልኩት።

በአራተኛው ቀን ጮህኩ። "አጥፍቻለሁ! ይቅርታ!"

ማንም አልዞረም።

ትሪው ጋ አየሁ። አሁንም አምስት ናቸው። በኔ ቦታ፣ በኔ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሹሩባዋ በግራ በኩል ተፈቷል።

ኑርሃን እየሳቀች አጎረሰቻት።

ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስቀመጥ ማንጎው ገና አበባ ነበር... ፍሬው ቀልቶ ሲወድቅ አየሁ።

አንድ ቀን እማ በበሩ ገባች። ነጠላዋን ለብሳለች። እትዬ ፈለቀች እየሳቁ ተቀበሏት።

"እማ! እማዬ! እዚህ ነኝ!"

አለፈችኝ። እጇን ዘርግታ አለፈችኝ...

ከዛ ያለው ከትዝታዬ ተቆርጧል። የማስታውሰው ባጃጅ ውስጥ ከእማ ጎን ተቀምጬ ነው። እጄን ይዛኛለች። "ልጄን አገኘሁ" ትላለች።

ይኸው ቤት ከገባሁ አምስት ወር። ሹሩባ እሰራለሁ፣ ጠዋት ስነሳ የግራው ተፈትቶ አገኘዋለሁ። ተውት እሱን።

ፎቶው ነው። የወጣሁ ቀን እትዬ ፈለቀች አንስተውን እማ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። እማ አንዲት ልጅ አቅፋለች። የልጅቷ ፊት እማ ትከሻ ውስጥ ተቀብሯል።

ከኋላ፣ ማንጎው ስር፣ እኔ ተቀምጫለሁ። አፌን ከፍቼ።

"እማ፣ ያቺን እያት በናትሽ!"

"የቷን? ማንጎ ብቻ ነው። ተይ እንግዲህ ፀዲ።"

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ቀረበ። እማ ደስ ብሏታል፣ ቀልድ አምሯታል። ቆርሳ ወደ ፎቶው ዘረጋች።

"እማ አትበዪ..."

"እንብላ!" አለች እየሳቀች።

"እሺ፣ መጣሁ።"

በኔ ድምፅ። እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ።

ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁ። ማንጎው ስር ሳህን ብቻ።

እማ አልደነገጠችም። ወዲያ ጠጋ አለች... በመሀላችን ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።